የኔታ ለሸክላ የሰጡት ማዕረግ

ጆሮዬ አርጅቷል፤ ሥልጣኑን ግን አልለቀቀም። ሰው በሹክሹክታ ሲያማኝ ጥርት አድርጎ ይሰማል፤ «ተነሥና ይቺን ውኃ አቀብል» ሲባል ነው የሚደነቁረው። ይህን ጆሮ ነው እንግዲህ የልጅ ልጄ መክሊት ባለፈው ክረምት ለዳኝነት የጠራችው።

መክሊት ነጥብ ሰጪ ናት። የሂፕ ሆፕ አልበም ትሰማለች፣ የሮክ አልበም ትሰማለች፣ ከዚያ ሁሉንም ከአሥር ትመዝናለች። አንዱ ስድስት፣ አንዱ ስምንት ተኩል፤ አንዱን ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ተኳርፋበት ዘጠኝ ሰጥታዋለች። ለቡሄ ደብረ ታቦር ይዛኝ ሄዳ የእህቴ ልጅ ቤት አርፈን ነበር። ውጭው ዶፍ ነው፤ ጉና ጉሙን እንደ ጋቢ ተከናንቧል። ውስጥ ደግሞ የተቀቀለ ድንችና አዋዜ ቀርቧል። መክሊት ስልኳን ጆሮዬ ሥር ደቀነችው።

«እስቲ ይህን ይስሙልኝ፣ አባባ።»

ሰማሁ። «ይኸ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጣደፈው? ቁርስ እንዳያመልጠው ዳዊቱን የሚያጋምስ ተማሪ ይመስላል።»

«ራፕ ነው፣ አባባ። እንደ ሌላው ዘፈን አይደለም፤ ቃሉ ነው ዋናው።»

«እንግዲያው ንባቡ ደህና ነው። ዜማ ገና አልጀመረም።»

«ከአሥር ስንት?»

«ከአሥር አላውቅም። እኔ ባደግሁበት ቤት ማዕረጉ አራት ብቻ ነበር።»

አራቱን ልቆጥርላት ስል የእህቴ ልጅ የቴሌቪዥኑ ሪሞት አልታዘዝ ቢላት ባትሪ ድንጋዮቹን አወጣችና ትንሽ ነፍስ እንዲዘሩ ከከሰሉ ምድጃ ዳር አስቀመጠቻቸው። ሲሞቁ ያ ሽታ መጣ። የሞቀ ቆርቆሮ፣ ትንሽ ዝገት፣ ትንሽ እርጥብ አመድ። እኔም ሽበቴንም ከዘራዬንም እዚያው ወንበሩ ላይ ትቼ ወደዚያ ክረምት ሮጥሁ። በእግሬ ብሆን ኖሮ በዚህ ጉልበቴ ከበሩም አላልፍ።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም። ወላጆቼ እብናት በኩል ያርሱ ነበር። እኔን ግን «ይህ ልጅ እጁ ለሞፈር አልሆነም፤ ምናልባት ጉሮሮው ይሠራ እንደሆን» ብለው ደብረ ታቦር ለእናቴ አባት ሰጡኝ። አያቴ መሪጌታ ናቸው። አቋቋም ያስተምራሉ፤ ካህናቱ በበዓል ቀን በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚዘምሩትን ማለቴ ነው። አገሩ በሙሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም የኔታ ነበር የምላቸው። አያትነታቸው ትዝ የሚለኝ ምሳ ሲደርስ ብቻ ነው።

ጉሮሮዬ እንደ እጄ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ያዜምሁላቸው ቀን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ አንተ የተፈጠርኸው ለመስማት ነው» አሉኝ። ምስጋና መሰለኝ። ደስ ብሎኝ በገበያተኛ አፍ ለእናቴ ላክሁላት። እናቴም አባቷን ታውቃለችና ሳቋን መያዝ አቃታት አሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስሜ «ቁራው» ሆነ። «ቁራው፣ በሩን ዝጋ።» «ቁራው፣ እንጨት ጨምር።» ክርስትና ስሜን የጠሩኝ ስታመም ብቻ ነው።

የየኔታ ማዕረግ አራት ነበር። ተማሪ አዚሞ ሲጨርስ የመጀመሪያው ማዕረግ ዝምታ ነው። ኩታቸውን ትከሻቸው ላይ ይመልሱና በሩን ያያሉ፤ ማን መውጣት እንዳለበት ለተማሪው ይገባዋል። ሁለተኛው «ደህና ነው» ሲሆን፣ እሱን ያገኘ እራቱን በደስታ ይበላል። ሦስተኛው «ይደገም» ነው። አራተኛውን፣ «ይበል!» የሚለውን፣ ሰው ሲያገኝ ለማየት የታደለ ጥቂት ነው። የኔታ «ይበል»ን የሚሰጡት አንዲት ላም ያለችው ሰው ላሟን እንደሚሰጥ ነበር። አፋቸው ግን ቢሰስትም መቋሚያቸው ያጋልጣቸዋል። ዜማው ውስጣቸው ሲገባ የመቋሚያው ጫፍ ከመሬት ትንሽ ብድግ ይላል፣ ይወርዳል፣ ብድግ ይላል። ፊታቸውን ማየት የሚፈራ ተማሪ ሁሉ እሷን ነበር የሚያየው።

ከትምህርቱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ገብቶኝ ቀርቷል። በማሕሌት አንድ ቃል አንዴ ተብሎ አይተውም። መጀመሪያ በቁሙ ይዜማል፤ ቀስ ብሎ፣ ያለ ከበሮ። ከዚያ መቋሚያው እየዘመመ ይባላል። ከዚያ ከበሮው ይገባል፤ እያደር ይፈጥናል። በመጨረሻ፣ ጽፋት በሚሉት ጊዜ፣ እጅ ይጨበጨባል፣ ከበሮ ይዘላል፣ የቆመው ካህን ሁሉ እንደ ጣና ማዕበል ይነሣል ይወድቃል። ቃሉ ግን ያው ነው። የኔታ «እርሻ ነው» ይሉ ነበር፤ «አንዴ የታረሰ መሬት ጤፍ አያበቅልም።»

አክስቴ እታገኝ የመጣችው ሐምሌ መባቻ ላይ፣ ጭቃው ጫማ እየበላ ባልጠገበበት ሰሞን ነው። እኔ አክስት እንዳለችኝም አላውቅ ነበር፤ በዚያ ቤት ስሟ አይነሣም። ልጅ ሳለች ሊድሯት ሲሰናዱ ሌሊት ተነሥታ በእግሯ እስከ ገሳይ ከተማ፣ ከገሳይ በሎንቺና አውቶቡስ አገር አቋርጣ አስመራ ገብታ ኖሯል። እዚያ አሜሪካኖች ቤት ልብስ ስታጥብ ኖረች። እነሱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ይወዷት ነበርና፣ አንድ አረንጓዴ ሳጥንና አራት ትልልቅ ሸክላ ሰጧት። ያንን በበቅሎ ጭና ከነዝናቧ በር ላይ ቆመች። ባል የለ፣ ልጅ የለ፣ ሳጥን ብቻ።

የየኔታን ጉልበት ሳመች። የኔታ ብዙ ዝም አሉ። እኔ ለምጄ በሩን አየሁ። ኋላ ግን፣ «እግርሽን ታጠቢ» አሏት። ገባች።

ሳጥኑ የሸክላ ማጫወቻ ነበር። ክዳኑ ሲነሣ ውስጡ ሰፌድ የመሰለ ክብ ነገር፣ ከጎኑ ደግሞ አፉ ላይ መርፌ ያለው ቀጭን ክንድ አለ። መብራት ሳያሻው በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። የሸክላዎቹ ካርቶን እርጥበት ጠጥቶ የጎተራ ሽታ ይሸት ነበር። በአንደኛው ላይ ነጭ ፈረስ አለ። በሁለተኛው ላይ ጠጉራቸው ትከሻቸው ላይ የወረደ፣ ጢማቸው ደረታቸውን የነካ፣ ዓይናቸው የጎደጎደ ሰዎች ቆመዋል። ጣራ ገዳም ሄጄ ባሕታውያንን አይቼ ስለነበር ወዲያው አወቅኋቸው። ዝቅ ብዬ ካርቶኑን ተሳለምሁ።

እታገኝ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። «ምን እያደረግህ ነው፣ በሞቴ?»

«አባቶችን እየተሳለምሁ።»

«እነዚህን?» እንባዋን በሻሿ ጠረገች። «ወንድሜ፣ እነዚህ እንኳን ፍልሰታን ሊጾሙ በሁለት ምግብ መካከልም አይታገሡ። ዘፋኞች ናቸው።»

አላመንኋትም። ሰፈር ወጥቼ የፈረንጅ ባሕታውያን ቤታችን እንዳሉ ነገርሁ። የኔ ወሬ አንድ ቤት ሳይደርስ ሌላው ወሬ አገሩን አዳርሶ ነበር፤ ምንጭ የወረዱት ሴቶች «እታገኝ ዛር በሳጥን ይዛ መጣች» ብለዋል። እኔ ባሕታዊ አልሁ፣ እነሱ ዛር አሉ። እንደምታውቁት ሰው ዛሩን ይመርጣል።

ወሬው አለቃ ዘንድ ደረሰ። አለቃ የደብሩ ሹም ናቸው፤ ግዙፍ ሰው፣ ጥላቸውም እንደሳቸው ግዙፍ። ድሮ የየኔታ ተማሪ ነበሩ። ከየኔታ ያገኙት ትልቁ ማዕረግ «ይደገም» ሲሆን፣ «ይበል»ን ሳያገኙ ተሾሙ። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ አለቃም አገሩ እንደሚያውቅ ያውቃሉ። ጥላቸውን እያንጠባጠቡ መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«የኔታ፣ ነገሩ ከጆሮዬ ደርሷል።»

«ጥሩ። ጆሮ ለዚያው ነው።»

«ፍልሰታ ሊገባ ነው። በመካከሉ የደብረ ታቦር በዓል አለ። ሳጥን ሲጮኽ ከሚውልበት ቤት ወጥተው የበዓሉን ማሕሌት ሊመሩ ነው? ወይ ሳጥኑ ይውጣ፣ ወይ ለዘንድሮ ሌላ ሰው ይምራው።»

የኔታ ከመመለሳቸው በፊት እታገኝ ከጓዳ ወጣች። «አለቃ፣ ሳጥኑ ማንንም አላስቀየመም። እሱ ይውጣ የሚባለው እኔ እንድወጣ ነው። ግድ የለም፣ ይወጣል። እኔም አብሬው።»

«አንቺን ማን ተናገረሽ?»

«ማንም። ከመጣሁ ጀምሮ የሚናገረኝ አጥቼ ነው የምናገረው።»

ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ገንቦ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል። እሷ ከመጣች ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ ነበር፤ ድንች በረመጥ ቀብራ «ቁራዬ፣ ና ብላ» ትለኝ ነበር። ቁራ መባል እንዲህ እንደሚጣፍጥ ከሷ በፊት አላውቅም። ደግሞስ ወዴት ትሄዳለች? አስመራ ያሉት ሰዎቿ አገራቸው ገብተዋል። ከዚህ በር ወዲያ ያላት ጭቃው ብቻ ነው።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አለቃ፣ ሸክላውን ሰምተውታል?»

«ልሰማው እንዴ! ጌታ አይበለው!»

«እኔ ሳልሰማ ያባረርሁት ተማሪ የለም። እርስዎንም ሰምቼ ነበር የተቀበልሁዎ።» አለቃ ጢማቸውን ያዙ። «ልስማው። መጥፎ ከሆነ እኔው በእጄ አወጣዋለሁ። ፍልሰታ ሳይገባ ይምጡና ፍርዱን አብረን እንስጥ።»

እንግዲህ በዚያ ሐምሌ ሰንበት ሰንበት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የኔታ የፈረንጅ ሸክላ እንደ ተማሪ ፊታቸው እያስቆሙ ሰሙ። ባትሪ ድንጋዮቹ ግን ከአስመራ ጀምሮ ደክመዋል፤ ፀሐይ ላይ እንዳይሰጡ ፀሐይ የለም። ስለዚህ እኔ የባትሪ ድንጋይ አሙቂ ሆኜ ተሾምሁ። በሕይወቴ ያገኘሁት ትልቁ ሹመት እሱ ነው። ከምድጃው ዳር፣ አመዱ ላይ ደርድሬ እንደ እንቁላል አገላብጣቸዋለሁ፤ እታገኝ «አሙቅ አልሁ እንጂ ጥበስ አልሁ?» እያለች ትቆጣኛለች።

መጀመሪያ ፈረሱ ተሰማ። ሴት ናት የምትዘፍነው፤ ድምጿ ቀጭንና ከፍ ያለ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲያልቅ፣ «አራራይ ነው» አሉ፤ የደስታው ዜማ ማለታቸው ነው። «ልጅቱ ትንፋሽ አላት። ዝም ብላ ትሮጣለች እንጂ የምትደርስበትን አላሰበችም። ደህና ነው።»

በሚቀጥለው ሰንበት ባሕታውያኑ ቀረቡ። መርፌው ሲነካቸው ቤቱ ውስጥ በረዶ የወረደ መሰለኝ። አባቶች እንዲህ የሚጮኹት ጋኔን ሲያስወጡ ይሆናል ብዬ አማተብሁ። ክራራቸውም ክራር ሆኖ ክራር አይደለም፤ ያቃስታል። የኔታ ዝም። ኩታቸውን መለሱ። በሩን አዩ። እታገኝ ከንፈሯን ነከሰች። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ ጣት አነሡ። «ከበሮ መቺው ተምሯል። ሌሎቹ አልተማሩም። ከሰዎቹ መካከል ስለ አንዱ ስል ደህና ነው ብያለሁ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርቶኑን ስሳለም ከበሮ መቺው የመሰለኝን ብቻ ነበር የምሳለመው።

ሦስተኛው፣ አፉን ከፍቶ ዓይኑን የጨፈነ ጥቁር ሰው የተሳለበት ነው። ቋንቋው ለማናችንም አይገባ፤ ግን ሰውየው እንዳዘነ ለማወቅ አስተርጓሚ አላሻንም። የመቋሚያው ጫፍ ብድግ አለች። እታገኝ በክርኗ ጎሰመችኝ፤ አይቻለሁ። የኔታ፣ «ይህ ሰው ለቅሶ ቤት የዋለ ነው» አሉ። «እኛ በስቅለት የምናዜምበትን መንገድ ማን አሳየው? ይደገም።» ደገምነው። ባትሪው ያለቀው ያኔ ይመስለኛል።

አራተኛው ካርቶን የለውም፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነው። እታገኝ ከሁሉ የምትወደው እሱን ነበር። ባትሪ ድንጋዮቹን አሞቅሁ፤ አገላበጥሁ፤ ቢሆን ምን። ሸክላው እንደ ደከመ በሬ መዞር ጀመረ። ከውስጡ የወጣው ድምፅ ወፍራምና የተጎተተ ነበር፤ እያንዳንዱ ቃል ከጥልቅ ጉድጓድ በገመድ የሚሳብ ይመስላል። ከበሮው ዱም ይላል፤ ሁለተኛውን ዱም እስኪል ሰው ሄዶ ይመለሳል። ዘፋኙ የታመመ መሰለኝ። እህል ቢሰጡት ይሻለው ነበር ብዬ አዘንሁለት።

የኔታ ግን መቋሚያቸውን በሁለት እጅ ያዙ። ጫፏ ብድግ አለች፣ ዘመመች፣ ወረደች። እሳቸውም አብረው ዘመሙ። ሲያልቅ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይበል!» አሉ።

የኔታ ቤት ስኖር ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ለፈረንጅ፣ በዚያ ላይ ለታመመ። እታገኝ አፏን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። የምታለቅስ መስሎኝ ብከተላት ሳቅና ልቅሶ ተምታቶባታል።

«ቁራዬ፣ ጉድ ሆንሁ! ባትሪው ሞቶ ነው እንጂ ዘፈኑ እንዲህ አይደለም። ይህ ዘፈን በደህናው ቀን እንደ ደነበረ በቅሎ ነው የሚሮጠው።»

«ታዲያ ለየኔታ ንገሪያቸው።»

«አንተ ንገራቸው።»

ተያየን። ማናችንም አልነገርን። «ለፍርዱ ቀን ባትሪውን እንዳታሞቅ፣ እሺ?» አለችኝ። እንዲህ ሆኖ ከሹመቴ ወረድሁ።

የፍርዱ ቀን መጣ። አለቃ መደቡ ላይ፣ የኔታ ወንበራቸው ላይ፣ እታገኝ ሳጥኑ አጠገብ ቆማ። ክዳኑን ልታነሣ ስትል ደጅ ሳል ተሰማ። ሐጂ ናቸው፤ ገበያው ዳር ጨውና ላምባ የሚሸጡት የየኔታ ወዳጅ። በዓል በመጣ ቁጥር ሁለቱ ሳይጠያየቁ አይውሉም።

«ቤቶች! የኔታ፣ ዛሬ ችሎት አለ ሲሉ ሰምቼ ባዶ እጄን እንዳልመጣ ብዬ ነው።» ከካፖርታቸው ውስጥ ወረቀት አወጡና ፈቱት። አዳዲስ፣ የሚያብረቀርቁ ባትሪ ድንጋዮች። «ዛሬ ከጎንደር ገቡልኝ። ለፍርድ የቀረበ ሰው ድምፁ ታፍኖ አይቀርብም። ስጦታ ነው።»

እታገኝ አመድ መሰለች። «ሐጂ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን ያሉት ይበቁን ነበር…»

«ምን ይበቃሉ! ልጁ አመድ ላይ ሲጠብሳቸው ከርሞ!» አሉ ሐጂ።

«የወዳጅ ስጦታ አይመለስም፤ ቁራው፣ ክተታቸው» አሉ የኔታ።

ከተትሁ። እታገኝ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ሸክላ አውጥታ መርፌውን ስታወርድ ዓይኗን ጨፈነች።

ዘፈኑ ከሳጥኑ ዘሎ ወጣ። ያ ታማሚ ተነሥቶ ይጨፍራል! ከበሮው በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ያንቀረቅባል፤ ያ የሚያቃስት ክራር እሳት ይተፋል፤ ቃሉ ቃሉን እየረገጠ ይሮጣል። ሐጂ «አላህ!» ብለው ሳቁ። አለቃ በቀስታ ወደ የኔታ ዞሩ።

«ይበል ያሉት ለዚህ ነው? አገሩ ሁሉ ያወራው?»

ሁላችንም መቋሚያዋን አየን። ጫፏ መሬቱ ላይ ተተክላለች፤ ንቅንቅ አትልም። እታገኝ ጎንበስ አለች፤ ክዳኑን ልትዘጋ፣ ልትሸክፍ። እኔ ጭቃው ታየኝ፣ በቅሎዋ ታየችኝ።

«ተዪው» አሉ የኔታ።

ሰሙ። ጆሯቸውን ወደ ሳጥኑ ዘንበል አድርገው፣ ከጩኸቱ በታች የሆነ ነገር የሚፈልጉ ይመስል ሰሙ። ከዚያ መቋሚያዋ አንዴ ብድግ አለች።

«ቃሉ ያው ነው» አሉ። «ባለፈው ሰንበት የሰማሁት ቁሙን ነበር። ዛሬ ያመጣው ጽፋቱን ነው። መጀመሪያ ቁም፣ ኋላ ጽፋት። ፈረንጁ ሥርዓት ያውቃል፣ አለቃ።»

«የኔታ! ይቀልዱብኛል?»

«እኔ? ይልቅ እጅዎ ምን እያደረገ ነው?»

ሁላችንም አየን። የአለቃ ቀኝ እጅ፣ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ፣ ጉልበታቸው ላይ ይመታል። ያውም ዝም ብሎ አይደለም፤ የጽፋቱን ምት፣ ድርቡን፣ ጥርት አድርጎ፣ ድሮ በተማሪነታቸው የኔታ እንዳስተማሯቸው። አለቃ እጃቸውን ያዩት እንደ ሌላ ሰው እጅ ነበር። ግን አላቆመም። ዘፈኑ ሲያልቅ አብሮ አለቀ፤ አንዲት ምት አላጎደለም።

«ይበል!» አሉ የኔታ።

አለቃ ቀና አሉ። ያ ግዙፍ ሰው ልጅ መሰሉ። «ለ… ለእኔ ነው?»

«ለእጅዎ ነው። አፍዎ ገና ይደገም ላይ ነው።»

ሐጂ ሳቃቸውን ሊይዙ ጥርሳቸውን ነከሱ፤ አልያዙትም። አለቃም ሳቁ፤ እንዲህ የሚስቁ ሰው መሆናቸውን ማንም አያውቅ ነበር። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው ድምፃቸውን አከበዱ። «በፍልሰታ ይዘጋ። ጾም ሲፈታ እንደ ፈቃዳችሁ።»

«ልጅቱስ?» አሉ የኔታ።

«ልጅቱ ምን አደረገች? የአባቷ ቤት አይደለም እንዴ?» አሉና ጥላቸውን ዘርግተው በዝናቡ ሄዱ። ቀኝ እጃቸው ጥላውን ይዞም አላረፈም።

ሁሉም ሲሄድ እታገኝ ከየኔታ እግር ሥር ተቀመጠች። እኔ ምድጃው ዳር አሮጌዎቹን ባትሪ ድንጋዮች ይዣለሁ፤ ሥራ የለኝም እንጂ ቦታዬን አልለቀቅሁም።

«አባቴ፣ እውነት ወደዱት?»

«የትኛውን?»

«የዛሬውን። የሚሮጠውን።»

«ልጄ፣ ጆሮዬን እንደ ዱላ ነው የመታኝ።»

«ታዲያ ስለምን…»

የኔታ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ያለ እሷ እጃቸው የሚይዘው አጥቶ አየሁ። «ያን ጊዜ፣ ሌሊት ስትነሺ፣ ነቅቼ ነበር» አሉ። «በሩ ሲከፈት ሰምቻለሁ። ነይ አላልሁም፣ ሂጂም አላልሁም። ዝም አልሁ። እኔ ዝም የምለው ለተበላሸ ዜማ ነው። አንቺ ምን አበላሸሽ? ስንት ክረምት ይህንን ሳስበው ኖርሁ። ሁለተኛ ዝም አልልም።»

እታገኝ ራሷን ጉልበታቸው ላይ ጣለች። እኔ ማየት ስላፈርሁ ባትሪ ድንጋዮቹን አገላበጥሁ።

በደብረ ታቦር ዕለት ማሕሌቱን የመሩት የኔታ ናቸው። ከበሮው ከገባ በኋላ፣ ጽፋቱ ላይ ሲደርሱ፣ ከቤተ ልሔሙ በኩል ከሴቶቹ መካከል የእታገኝ ነጭ ነጠላ ሲወዛወዝ አየሁ። ውጭ ልጆቹ ጅራፍ ያጮኻሉ። እኔም ጅራፌን ወንጭፌ ላጮኸው ብል አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ቀረ፤ ለዚያም አልተፈጠርሁም። አክስቴ ከዚያ ቤት ዳግመኛ አልወጣችም። ሳጥኑም ጾም በተፈታ በማግስቱ ተከፈተ፤ የኔታ ግን ጽፋቱን ሳይሆን «ቁሙን አምጪልኝ» እያሉ አሮጌዎቹን ባትሪ ድንጋዮች ያስከትቱኝ ነበር። ወደ ሹመቴ ተመለስሁ።

መክሊት ይህን ሁሉ ስነግራት ድንቹ በርዷል፤ የሪሞቱ ባትሪም ሞቆ ሞቆ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ ማንም አላየውም። ስልኳን አነሣች፣ የሆነ ነገር ነካካች። ያ የሚጣደፈው ሰውዬ በየኔታ ባትሪ ልክ፣ ቀስ ብሎ፣ እየተጎተተ መጣ።

«ስልክሽ ይህንንም ይችላል?»

«ይችላል። አባባ፣ ከዘራዎ ተነቃነቀ!»

«ነፋስ ነው።»

«በቤት ውስጥ?» ሳቀች። ቀጥላ ሳቋን ተወችና፣ «ለየኔታስ? እሳቸው ከአሥር ስንት ይሰጣቸዋል?» አለችኝ።

ዝም ልላት ነበር። ዝምታ በዚያ ቤት ለምን ይሰጥ እንደነበር ትዝ ሲለኝ ግን ደንግጬ ተነሣሁና ባለ በሌለ ኃይሌ «ይበል!» አልሁ። የእህቴ ልጅ ሳህኑን ጣለች። ደጅ ዛፉ ላይ የነበሩት ቁራዎችም ዘመድ የጠራቸው መስሏቸው መለሱልኝ።